የብስኩቱ ሰውዬ ድምፅ

ጥቅምት 4

ዛሬም ያው። ጠዋት ገባሁ፣ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ፣ ሰው የለጠፈውን ሳይ ዋልኩ። ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ አሁንም አጥርቼ መናገር አልችልም። «የንግድ ስም ጥበቃ» ስል ዱላ ይዤ በር ላይ የምቆም ይመስላቸዋል። ዱላችን ደብዳቤ ነው። የደንበኛችንን ምልክት ያለፈቃድ ኢንተርኔት ላይ የለጠፈ ካለ «ይነሳልን» ብለን እንጽፋለን። አንዱን ለድረ ገጹ፣ አንዱን ለለጠፈው ሰው።

ለሰውየው የሚላከውን ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። አለቃዬ በየስብሰባው ያነሳዋል። «የእሷ ደብዳቤ የደረሰው ሰው እኛ ሳንነካው በገዛ እጁ ያጠፋል!» እውነቱን ነው። ድረ ገጹ እስኪያነሳው ማን ይጠብቃል? ራሳቸው ሲያጠፉት ይፈጥናል። ፍርድ ቤት የሚለውን መጨረሻ ላይ ነው ያስገባሁት። ይሄን ያስተማረኝ አባዬ ነው። ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኖ ነው ያረጀው። «ከባዱን ቃል መጨረሻ ላይ አድርጊው፤ አንባቢ ይዞት የሚሄደው እሱን ነው» ይለኝ ነበር።

አለቃዬን «አስቸኳይ» ነው የምንለው። የሚልከው መልእክት ሁሉ በዚህ ቃል ይጀምራል። የዛሬው፦ «አስቸኳይ። የብስኩት ፋብሪካው አዲስ ማሸጊያ ሊያወጣ ነው። የድሮው ማሸጊያ ያለበት ነገር በሙሉ ከኢንተርኔት ይጽዳ።»

ብስኩቱ! ለአባዬ ስነግረው ይስቃል… መሳቅ ከቻለ። ድምፁ ከሻከረ ከረመ። ነገ ሐኪም ቤት ነን።

ጥቅምት 5

ዶክተሩ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ነው የነገረን። ዕጢ ነው። የድምፅ ሳጥኑ መውጣት አለበት። ሙሉ በሙሉ።

እማዬ «ከዚያስ በምን ይናገራል?» አለች። ስለ መሣሪያ ነገራት፣ ስለ ልምምድ… ለሁሉም ሰው አይሳካም አለ። ሌላው አልገባኝም። አልሰማሁም መሰለኝ።

«ከቀዶ ጥገናው በፊት ድምፃቸውን የሚቀዱ ቤተሰቦች አሉ፤ ብታስቡበት…»

አባዬ በዚያ ድምፁ፦ «ይሄን ዝገት ለማን ላስቀምጥ ዶክተር? ደህናውን ብስኩቱ አስቀምጦልኛል።»

ዶክተሩ ግራ ገባው። እማዬ ነገረችው። አባዬ ወጣት እያለ ከማተሚያ ቤት ፖስተር ሊያደርስ ማስታወቂያ የሚቀዳበት ስቱዲዮ ይሄዳል። ተዋናዩ ቀርቷል፣ ሰዓት ሄዷል። «እስቲ አንተ በላት» ይሉታል። ይላታል። አንዲት ሕፃን «አባዬ መጣህ?» ትላለች፣ እሱ በር ላይ ቆሞ፦ «መጣሁ፣ መጣሁ! ባዶ እጄን ግን አልመጣሁም!» ከዚያ ያ ሳቁ። በቃ። ስንት ዓመት በሬዲዮ ተነገረች። ሠፈር ውስጥ «የብስኩቱ ሰውዬ» ሆኖ ቀረ።

ዶክተሩ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። «እርስዎ ኖት?!» ከዚያ እሱም አላት። ነጭ ካፖርቱን እንደለበሰ፣ እንደ ልጅ። አባዬ ራሱን ነቀነቀ። «ሳቋን ቸኮልክባት» አለው።

ከቤት ቪዲዮዎች ፈልጌ ነበር። በሁሉም ካሜራውን የያዘው እሱ ነው። ድምፁስ? ሙዚቃ አልብሶበታል። «ያለ ሙዚቃማ ቪዲዮ ምን ዋጋ አለው» እያለ ሁሉንም። አይ አባዬ!

ጥቅምት 8

የብስኩቱን ላክን። ሰባት መቶ ምናምን ሊንክ። ማሽኑ የድሮውን ማሸጊያ ከየቦታው ለቅሞ በትናንሽ ምስል ይደረድርልናል፤ እኛ ማሸጊያው መሆኑን አይተን እሺ እንላለን። ድምፅ አንከፍትም። ያ ሁሉ ሰው አንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ድምፅ ቢከፍት ገበያ ይሆናል ተብሎ ከተከለከለ ቆየ። ዓይን ብቻ።

የአባዬን ማስታወቂያ አስቤው ነበር። እሱ የሬዲዮ ነው፣ ምስል የለውም። ማሸጊያ የሌለበትን ማሽኑ አያመጣም። ስለዚህ ምንም አይነካውም።

አስቸኳይ ከኋላዬ መጥቶ አጨበጨበ።

ጥቅምት 13

ነገ ነው ቀዶ ጥገናው። ሁላችንም አልጋው ዙሪያ። አባዬ ታናሽ ወንድሜን «እስቲ ያቺን ክፈታት» አለው። ሁልጊዜ የሚከፍትለት እሱ ነው፤ እኔ ሌላ ክፍል ሆኜ እሰማታለሁ እንጂ አይቻት አላውቅም። «ልሰናበታት» አለ አባዬ።

ወንድሜ ፈለገ። አጣ። ደግሞ ፈለገ። «ኔትወርክ ነው» አለ።

ኔትወርክ አልነበረም። በትከሻው ላይ አየሁት። «ይህ ይዘት የለም» ይላል። በቀን ስንት ጊዜ የማየው ጽሑፍ… ቢሮ ውስጥ ሳየው ደስ የሚለኝ ጽሑፍ።

እማዬ «ምን አስጨነቀህ፣ ራስህ በላታ» አለችው። ሞከረ። «መጣሁ» አለ። ሌላውን ሳል በላው። ሳቅን። እኔ ውሃ ላምጣ ብዬ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። አይሆንም… ሌላ ምክንያት ይኖራል። አይደል?

ጥቅምት 14

ገባ። ወጣ። ተርፏል፣ ተመስገን።

ሲነቃ እማዬን አይቶ አፉን ከፈተ። ረስቶት ነው።

ጥቅምት 16

እኔ ነኝ። ከዝርዝሩ መሀል አገኘሁት። የለጠፈው ሰው ድምፅ ብቻ ባዶ እንዳይሆን ብሎ የድሮውን ማሸጊያ ፎቶ ፊቱ ላይ አድርጎበታል። ማሽኑ ማሸጊያውን አየ። እኔም ማሸጊያውን አየሁ። የአባቴ ድምፅ ከሥሩ ነበር፣ ተዘግቶ። እሺ አልኩ።

ጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ፊቴን አይታ «ማን ሞተ?» አለችኝ። ነገርኳት።

«ቀላል ነው እኮ። «ይነሳልን» ያልሽውን ጥያቄ ሳቢው፣ ድረ ገጹ መልሶ ያወጣዋል።»

ማንንም ሳላስፈቅድ ሳብኩት። መልሱ ከምሳ በኋላ መጣ። «ይዘቱ በባለቤቱ ስለተሰረዘ መመለስ አይቻልም።» ድረ ገጹ አንስቶት ቢሆን ይመልሰው ነበር። እሱ አላነሳውም። ሰውየው ደብዳቤዬን አንብቦ፣ ደንግጦ፣ በገዛ እጁ አጠፋው። ጥሩ ደብዳቤ ነዋ!

ልጅቷ ጀርባዬን ዳበሰችኝ። ሌሎች ሁለት ሰዎችም ያቺኑ ማስታወቂያ ለጥፈው ነበር። እነሱም አጥፍተዋል። እነሱም ከዚያው ሰውዬ የወሰዱ ናቸው።

ጥቅምት 19

ሰውየውን አገኘሁት። ጡረታ የወጣ ልብስ ሰፊ ነው፣ የድሮ ሬዲዮ ቅጂ ሰብሳቢ። ቤቱ ምድር ቤት ነው፤ ግድግዳው ላብ ያወጣል። ከየት እንደመጣሁ ስነግረው በሩን ይዞ፦

«ታዲያ አሁን ምን ልታጠፊ መጣሽ?»

መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር።

«ድምፁ የአባቴ ነው» አልኩት።

በሩን ለቀቀው። «ግቢ» አለ። ሻይ ቀዳልኝ። «አሉ? በሕይወት አሉ?»

«አሉ። ድምፃቸው ግን… ባለፈው ሳምንት በቀዶ ጥገና ወጣ።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። ካሴቶቹስ ስለው ግድግዳውን አሳየኝ። «ሻጋታው ጨረሳቸው። ቅጂው ኢንተርኔት ላይ አለ ብዬ ጣልኳቸው። ላም አለኝ በሰማይ! ያቺ ደብዳቤ ስትመጣ ባለቤቴ ‹በስተርጅና ልትታሰር ነው› ብላ አለቀሰች። እኔ ፍርድ ቤት ሄጄ አላውቅም ልጄ። ሁሉንም አጠፋሁት። የብስኩቱን ብቻ እንዳይመስልሽ፣ የሰበሰብኩትን በሙሉ።»

ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ነበር። አትሞታል። የእኔ ጽሑፍ። ማን እንደጻፈው አልነገርኩትም። ልነግረው አስቤ ነበር… ሻዩን ጠጥቼ ወጣሁ።

ጥቅምት 20

ፋብሪካው ጋ ደወልኩ። ቢሮ ሲቀይሩ የድሮ ካሴቶችን አስወግደናል አሉ። የሬዲዮ ጣቢያው ማስታወቂያ አናስቀምጥም አለ። የቀዳው ስቱዲዮ ከተዘጋ ስንት ዓመቱ። ሕፃን የነበረችው ልጅ የት እንዳለች የሚያውቅ የለም።

የለም። በቃ የትም የለም።

ጥቅምት 23

ልብስ ሰፊው ደብዳቤውን ለጥፎታል። ከሥሩ አንድ መስመር ብቻ፦ «የልጅነታችሁን ድምፅ አጥፋ ተብዬ አጠፋሁ፤ ይቅር በሉኝ።» የአባዬን መታመም አልጻፈም። ጨዋ ሰው ነው።

ሰው ተቆጥቷል። አንዷ ነርስ ሥራ ልብሷን እንደለበሰች «እሷንስ ከአፋችን ታጠፏታላችሁ?» ብላ ማስታወቂያዋን አለቻት። ከዚያ አንድ አስተማሪ ከነተማሪዎቹ። ከዚያ አንድ ሹፌር።

አስቸኳይ፦ «አስቸኳይ። አስመሳዮቹም ይነሱ።»

«ባንነካቸው ይሻላል፤ በራሱ ይበርዳል» አልኩት።

«ደንበኛው የሚከፍለን ዝም እንድንል አይደለም።»

ጥቅምት 28

አስተማሪው ደብዳቤው ሲደርሰው ለተማሪዎቹ አነበበላቸው። ቪዲዮ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ባዶ እጄን ግን አልመጣሁም!» ይላሉ። ለዚህም ደብዳቤ ላክን። አንዲት ሴትዮ በቀቀኗን አስተምራዋለች። ለእሷም ላክን። በቃ፣ እሱ ላይ አለቀልን። «ለበቀቀን ክስ ያዘጋጀው ብስኩት» ተባለ። አዲሱ ማሸጊያ በወጣ ቀን ሰው ፎቶውን ገልብጦ ሲለጥፈው ዋለ። ሊያጠፉ ሄደው አራገቡት።

ታክሲ ውስጥ ረዳቱ በር ሲዘጋ «መጣሁ፣ መጣሁ!» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔ መስኮት መስኮቱን አየሁ። አገሩ ሁሉ የአባቴን አፍ ይዞ ይዞራል። ከዚያ ሁሉ አንዱ እንኳ እሱን አይደለም። አንዱ ፈጠን ያለ፣ ሌላው ጎርነን ያለ… እናቴ በሕልሟ ብትሰማው የምታውቀው አንድም የለም።

ኅዳር 2

አባዬ ቤት ገባ። አንገቱ ላይ ቀዳዳው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ገዛንለት። መጀመሪያ የጻፈው፦ «ከእንግዲህ እናታችሁ ጭቅጭቅ አሸነፈች።» እማዬ ሳቀች፣ ወጥ ቤት ገብታ ቆየች።

ቀኑን ሙሉ አስመሳዮቹን ያያል። እንደ ድሮው ያርማቸዋል። ነርሷ፦ «ጥሩ፣ ግን ተርባለች።» ሹፌሩ፦ «ይሄ በር ላይ አይደለም፣ መሪ ላይ ነው።» በቀቀኑ፦ «ከሁሉም እሱ ይሻላል።»

ከዚያ ደምስሶ ጻፈ፦ «ዋናውን ግን ክፈቱልኝ።»

ወንድሜ እኔን አየኝ። እሱ ደርሶበታል ማለት ነው።

ኅዳር 3

ነገርኩት። እማዬ ገበያ ሄዳ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም፣ ከማሸጊያው እስከ ልብስ ሰፊው ድረስ። እየተናገርኩ እንኳ አፈርኩ… እኔ ልናገር፣ እሱ ዝም ይበል?

ሰሌዳውን አነሳ። ረጅም ጊዜ ወሰደ።

«አውቄያለሁ። ትናንት ማታ ሰው የለጠፈውን ደብዳቤ አነበብኩት። ከባዱ ቃል መጨረሻ ላይ ነው። እንዳንቺ የሚጽፍ ሌላ የለኝም።»

አለቀስኩ። ጽፎ አልጨረሰም፣ ደምስሶ ቀጠለ፦ «ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ረዝሟል።»

በምን ሳቅ ልሳቅ? ጭንቅላቴን ጭኑ ላይ አደረግኩ። ፀጉሬን ዳበሰኝ። ከዚያ እጁ ቆመ፣ ሲቃ ያዘው። ሲያለቅስም ድምፅ የለውም። አላወቅኩም ነበር። ቀና ባልል ኖሮ አላየውም ነበር።

ኅዳር 4

ለእማዬ ራሱ ጽፎ ነገራት። ቀን ሙሉ አላናገረችኝም። ማታ ሳህን እያጠበች፣ ሳትዞር፦ «እኔ እኮ ሲሄድብኝ በዚያች ድምፁ እጽናናለሁ ብዬ ነበር።»

ፎጣ አንስቼ ሳህኖቹን አደርቅ ጀመር።

ኅዳር 10

ፋብሪካው ይቅርታ ጠየቀ። በጋዜጣ፣ በቴሌቪዥን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የድሮዋን ማስታወቂያ እንመልሳለን ብለው ቃል ገቡ፤ ከዚያ ፈልገው አጧት። ከየት ያምጧት? እኛ ነን አጽዱ የተባልነው፣ አጸዳን።

አስቸኳይ ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። «አስቸኳይ። የድምፁን ባለቤት ፈልጉ። በሕይወት ካለ እንደገና ይቀዳልናል።»

ከወንበሬ ተነሳሁ። አዳራሹ ሁሉ የሚሰማ አልመሰለኝም፣ ሰምቷል።

«አባቴ ናቸው። ባለፈው ወር የድምፅ ሳጥናቸው ወጥቷል። ድምፅ የላቸውም።»

አስቸኳይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስቸኩለው ነገር አጣ። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። «እኔም እናቴን የጉሮሮ ሕመም ነው የወሰደብኝ» አለኝ። ጠልቼው ልቀር ነበር፤ እሱንም አልቻልኩ።

ኅዳር 11

ሥራ ለቀቅኩ። ከመውጣቴ በፊት ያንን ደብዳቤ ከማሽኑ አጠፋሁት። ሌላ ይጽፋሉ፣ አውቃለሁ።

መንገዴን ወደ ልብስ ሰፊው አድርጌ ማን እንደጻፈው ነገርኩት። «ገምቼ ነበር» አለ። ሻይ ግን አልቀዳልኝም።

ኅዳር 13

ከፋብሪካው አንዲት ሴትዮ ቤት ደወለች። አባዬ እንደ ልማዱ አነሳው። «ሃሎ? ሃሎ? ይሰማል?» ትላለች። ስልኩን ይዞ ቆመ። በጣቱ መታ መታ አደረገው። «አይሰማም መሰለኝ» ብላ ዘጋችው። መልሳ ስትደውል እማዬ አነሳች።

አስመሳይ ሊቀጥሩ ነው። ይመርጡልን እንደሆነ ጠየቁ። እኔ እምቢ ይላል ብዬ ነበር። እማዬም «ምን ሲደረግ!» አለች። እሱ ሰሌዳው ላይ፦ «ካልመረጥኩ ሹፌሩን ይቀጥሩታል።»

ኅዳር 21

ስቱዲዮ ነበርን። አባዬ፣ እማዬ፣ እኔ።

የመረጠው ፀጉር አስተካካይ ነው። ጎልማሳ፣ ሆዱ ቀደም ያለ፣ ዓይን አፋር። ስንገባ ብድግ ብሎ «ጋሼ፣ እኔ እንኳ ለቀልድ ነበር የለጠፍኩት» አለ። አባዬ ሱፉን ለብሷል፣ በአንገቱ ዙሪያ ስካርፍ።

ሰውየው ማይክራፎኑ ፊት ቆመ። አባዬ ከመስተዋቱ ወዲያ አልቀመጥም ብሎ አብሮት ገባ። አንዴ አለ። አባዬ ራሱን ነቀነቀ። ደገመ። አሁንም አይደለም። ደጋገመው፤ ሰውየው ላብ በላብ ሆነ። ቅጂ የሚሠራው ልጅ «ይበቃል፣ ጥሩ ናት» አለ። አባዬ እጁን አነሳ፣ ጠብቅ። ሰሌዳውን ሞልቶ አሳየው፦

«ቀን ሙሉ ቆመህ ሠርተሃል። እግርህ አብጧል። ልጅቷ ግን እንዳታውቅብህ።»

ሰውየው አነበበው። ሁለት ጊዜ መሰለኝ። ማይክራፎኑን ትቶ ወደ በሩ ሄደ፣ ከዚያ ተመልሶ መጣ፣ እንደ ገባ ሰው። አባዬ በጣቱ ትከሻውን ነካው፣ አሁን።

«መጣሁ፣ መጣሁ! ባዶ እጄን ግን አልመጣሁም!»

ከዚያ ያ ሳቅ።

እማዬ ክንዴን ያዘችኝ። ጥፍሯ ገባ። እኔም… ሌላ ክፍል ሆኜ የምሰማው የመሰለኝ እሱ ነበር። አባዬ አልተንቀሳቀሰም። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማው። ሲጨርስ የሰውየውን እጅ ይዞ በሁለት እጁ ጨበጠው።

ካፖርታችንን እየደረብን ነው እማዬ የቀረችው። ሰውየው ጋ ሄደች። እኔ ልታመሰግነው መስሎኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦

«ልጄ፣ አታስቸግሪኝ አትበለኝና… አንዴ ጥራኝ።»

አልገባውም። «ማን ልበልዎት?»

እማዬ አፈረች፣ እንደ ልጃገረድ። አባዬን አየችው። እሱ ለእሷ ከተጋቡ ጀምሮ ሌላ ስም የለውም፣ ቤት ውስጥም መንገድ ላይም «አንቺ ልጅ» ነው የሚላት። አባዬ ሰሌዳውን ፈለገ። እስክሪብቶው አልጽፍ አለው። ነቀነቀው፣ ጻፈ፣ ለሰውየው አሳየው። ከሥሩ ደግሞ ጨመረበት፦ «በጣም አትጩህ። ቅርብ ናት።»

ሰውየው ጉሮሮውን ጠራረገ። ዓይኑ ውሃ ሞልቷል። አባዬ ጣቱን አነሳለት። አሁን።

«አንቺ ልጅ!»

«አቤት» አለች እማዬ፣ አባዬን እያየች።